የአክሰስ ፖይንት ፈርምዌር አፕግሬድ፦ ባንድ ጊዜ፣ በዙር ወይስ ለክላውዱ መተው?

ዋይፋዩ እየሠራ ነው። የሚያማርር ሰው የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈርምዌር፣ ማለትም አክሰስ ፖይንቱን (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን) የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ መንካት ማንንም አያጓጓም። ግን ቀኑ ይመጣል። የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ወይም አዲስ የተገዛው አክሰስ ፖይንት ከድሮው ኮንትሮለር (አክሰስ ፖይንቶቹን ከአንድ ቦታ ከሚያስተዳድረው መሣሪያ) ጋር አልግባባ ይላል። ያኔ ጥያቄው "ልቀይር ወይ?" መሆኑ ይቀርና "በየትኛው መንገድ ልቀይር?" ይሆናል።

መንገዱ አንድ አይደለም። ሁሉንም ባንድ ሌሊት መቀየር አለ። ፋይሉን ቀደም ብሎ አውርዶ ሪቡቱን (አጥፍቶ ማስነሳቱን) ብቻ ለሌሊት ማቆየት አለ። ጥቂት ጥቂቱን በዙር መቀየር አለ። ሕንፃን ከሕንፃ ለይቶ መሄድ አለ። ክላውዱ (አምራቹ በኢንተርኔት የሚሰጠው አስተዳደር) በራሱ ሰዓት እንዲሠራው መተውም አለ። አምራቾች ሲያስተዋውቁ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው። እኔ የማወዳድረው በሌላ ነው፦ ነገሩ ሲበላሽ መሃል ላይ ማቆም ይቻላል ወይ? ከቆመ በኋላስ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችላል? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

መቀየሩ ራሱ ያስፈልጋል ወይ?

በቂ ምክንያት ብዬ የምቆጥረው ሦስት ነገር ነው፦ የደኅንነት ቀዳዳ፣ አዲስ ሃርድዌር፣ እና እናንተን በእርግጥ እያስቸገረ ያለ ብልሽት። "አዲስ ስለወጣ" ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ደኅንነቱን ግን ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ክራክ የተባለው የደብሊውፒኤ2 (የዋይፋይ ምስጠራ ደንብ) ድክመት ይፋ ሆነ። በሜይ 2021 ፍራግአታክስ የሚል ስም የተሰጣቸው 12 ድክመቶች ተከተሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ዋይፋይ በ1997 ብቅ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ውስጡ የነበሩ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2023 የዋይፋይ መሣሪያ አምራቹ ራከስ የአስተዳደር ገጹን የሚነካ አደገኛ ቀዳዳ ደፈነ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ አንዶርዩቦት የተባለ ቦትኔት (የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ) ያልታደሱትን መሣሪያዎች ማደን ጀመረ። በ2024 ደግሞ ሌላው አምራች አሩባ፣ ፓፒ በሚባለው ፕሮቶኮሉ በኩል፣ ማለትም በዩዲፒ ፖርት 8211፣ ያለ ፓስወርድ ትእዛዝ ለማስፈጸም የሚያስችሉ ቀዳዳዎችን ደፈነ። የአደጋ ደረጃቸው ከ10 ላይ 9.8 ነበር።

ማስጠንቀቂያ ሁሉ ግን እኩል አያስቸኩልም። ክራክን ውሰዱ። በዋናነት የሚነካው ስልኩንና ላፕቶፑን ነበር። አክሰስ ፖይንቱ ራሱ የሚጋለጠው በተለይ 802.11አር የሚባለው ፈጣን ሮሚንግ (ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው መሻገር) ሲከፈት ነው። የአሩባውን ደግሞ እዩት። ያ ፖርት የሚደረስበት ከማን ነው? የአስተዳደር ኔትወርካችሁ ከእንግዳና ከሠራተኛ ዋይፋይ ተለይቶ ከተዘጋ ጊዜ አላችሁ። ክፍት ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ሥራ አለባችሁ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ችግሩ ያለበት አገልግሎት እናንተ ጋ ተከፍቷል? ሌላ ሰው ሊደርስበት ይችላል? የምትመርጡት መንገድ በዚህ መልስ ይወሰናል። የሚያስቸኩል ቀዳዳ ካለ ለሳምንታት የሚዘልቅ የዙር ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት፣ አዲሱ ሃርድዌር፣ ብዙ ጊዜ ወጥመድ አለው። አዲስ ሞዴል ከተወሰነ ቨርዥን በታች አይሠራም። ያው አዲስ ቨርዥን ደግሞ የድሮ ሞዴሎችን ሊጥል ይችላል። ሲስኮ በካታሊስት 9800 ኮንትሮለሮቹ ላይ እንዲህ አድርጓል። ከሶፍትዌራቸው ከአይኦኤስ ኤክስኢ 17.4 ጀምሮ እንደ 2700 እና 3700 ያሉ ቆየት ያሉ አክሰስ ፖይንቶች አልተደገፉም ነበር፤ ኋላ በ17.9.3 ተመለሱ። ሳያይ ወደ መሃለኛዎቹ ቨርዥኖች የወጣ ሰው የድሮዎቹ አክሰስ ፖይንቶች ወደ ኮንትሮለሩ አይመለሱለትም። የሞዴሎች ዝርዝር ሳትይዙ ቨርዥን አትምረጡ የምለው ለዚህ ነው።

የትኛው ቨርዥን?

እዚህ ላይ ሐሳቤ አጭር ነው። ረጅም ድጋፍ ካለው መስመር ላይ ጥቂት የጥገና እትሞች የወጡለትን ምረጡ። ሲስኮ በአይኦኤስ ኤክስኢ 17 መስመር በየሦስተኛው እትም ረጅም ድጋፍ ይሰጣል፦ 17.3፣ 17.6፣ 17.9፣ 17.12። አሩባም ረጅም ድጋፍ ያላቸውን ከአጭሮቹ ለይቶ ያስቀምጣል። በክላውድ የሚተዳደረው ሜራኪ ቨርዥኖቹን ቤታ (የሙከራ)፣ ለመጽናት እጩ የሆነ እና የጸና ብሎ ይከፍላቸዋል። በአንድ አዲስ መስመር የወጣውን የመጀመሪያ እትም ሰው በሚሠራበት ቦታ ላይ አልጭንም። አዲሱ ሞዴል በሌላ ቨርዥን አልሠራ ካለ ግን ምርጫ የለም። ያኔ ለእሱ የተለየ ክፍል አበጁለት፤ ሌላውን ሁሉ ተጎትቶ እንዲወጣ አታድርጉት።

የሪሊዝ ኖቱን (ከቨርዥኑ ጋር የሚወጣውን ማብራሪያ) ስታነቡ አዳዲስ ነገሮች ከሚለው አትጀምሩ። ገና ያልተፈቱ ችግሮች ወደሚለው ክፍል ሂዱ። የእናንተን ሞዴል ስም በዚያ ውስጥ ፈልጉ። ከዚያ የአፕግሬዱን መንገድ እዩ። ካላችሁበት ቨርዥን በቀጥታ መዝለል ይቻላል ወይስ መሃል ላይ አንድ ማረፊያ ያስፈልጋል? ማረፊያ ካለ ሁለት ጊዜ ማውረድ፣ ሁለት ጊዜ ሪቡት ማድረግ ማለት ነው። የያዛችሁት የሌሊት ሰዓት ያን ያህል ላይበቃ ይችላል።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ኮንትሮለሩ አዲሱን ቨርዥን ይጭንና ሪቡት ያደርጋል። አክሰስ ፖይንቶቹ ተመልሰው ሲገናኙት የእነሱ ቨርዥን ከእሱ እንደማይመሳሰል ያያሉ። ከዚያ ከኮንትሮለሩ ያወርዳሉ፣ ሪቡት ያደርጋሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ግንኙነቱ በአብዛኛው ካፕዋፕ በሚባለው ፕሮቶኮል ነው፤ ፖርቶቹ ዩዲፒ 5246 እና 5247 ናቸው።

ቀላል ነው። ግን ማውረዱም ሪቡቱም የሚሆነው ዋይፋዩ ጠፍቶ ባለበት ሰዓት ነው። ኮንትሮለሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ካለ ብዙም አይጎዳም። ሩቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። በቀድሞው አሠራር አንድ ፓኬት (የፋይሉ ቁራጭ) ይላካል፤ "ደርሶኛል" የሚል መልስ ሳይመጣ ሁለተኛው አይላክም። ፋይሉ 60 ሜጋባይት ነው እንበል። እያንዳንዱ ፓኬት 1,300 ባይት ቢይዝ ከ46,000 በላይ ፓኬት ይሆናል። ደርሶ መልሱ 2 ሚሊሰከንድ በሚወስድበት ግቢ ውስጥ ይህ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ በሆነበት ቅርንጫፍ ግን ከ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያልፋል። የመስመሩ ስፋት አያድንም። ችግሩ መጠበቁ ነው። አዳዲስ ቨርዥኖች ባንድ ጊዜ ብዙ ፓኬት እንዲላክ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹም በኤችቲቲፒኤስ ያወርዳሉ። ይህ ግን የሚጠቅማችሁ አሁን ያላችሁበት ቨርዥን ከቻለው ነው፤ የምትሄዱበት ቢችለው አይረዳችሁም።

በኤችቲቲፒኤስ ማውረድን በተመለከተ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በሜይ 2025 ሲስኮ በአይኦኤስ ኤክስኢ የዋይፋይ ኮንትሮለሮች ላይ ደረጃው ሙሉ 10 የሆነ ቀዳዳ ይፋ አድርጓል። ቀዳዳው የነበረው ይህንኑ የፈርምዌር ማውረጃ መንገድ በሚያስተናግደው አገልግሎት ላይ ነው። ኮዱ ውስጥ የተቀበረ ቋሚ ቁልፍ ስለነበረ ከውጭ ያለ ሰው ፋይል አስገብቶ በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር። አገልግሎቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ዝግ ነው፤ የተጋለጡት ለፍጥነት ሲሉ የከፈቱት ናቸው። መከላከያውም አገልግሎቱን ዘግቶ በካፕዋፕ ማውረድ ነበር። የማውረጃ መንገድ ስትመርጡ የደኅንነት ምርጫም እያደረጋችሁ ነው።

ባንድ ጊዜ መቀየር በእኔ ሚዛን ዝቅተኛውን ቦታ ይይዛል። ኮንትሮለሩ ሪቡት ካደረገ በኋላ ማቆሚያ የለውም። ወይ እስከ መጨረሻው ትሄዳላችሁ ወይ ሁሉንም ትመልሳላችሁ። ማታ ባዶ ለሚሆን ትንሽ ሕንፃ፣ መሰላል ይዞ መውጣት የሚችል ሰው እዚያው ካለ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነ ቦታ አልመክረውም።

አስቀድሞ ማውረድ

ብዙ የድርጅት አክሰስ ፖይንቶች በፍላሻቸው (በውስጥ ማከማቻቸው) ላይ ሁለት ክፍል አላቸው። በአንደኛው ላይ ያለው ቨርዥን ሲሠራ ሁለተኛው ተጠባባቂ ነው። አዲሱን ፋይል ወደ ተጠባባቂው ማውረድ ይቻላል፤ ያኔ ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። ቀኑ ሲደርስ ሁለቱን አቀያይሮ አንድ ሪቡት ብቻ ነው። ዋይፋዩ የሚጠፋው ለደቂቃዎች ይሆናል።

ይህን ከመጀመሪያው አስበልጬ የምወደው ለፍጥነቱ አይደለም። በማውረድና በሪቡት መካከል ክፍተት ስለሚሰጥ ነው። አውርዳችሁ ሁለት ቀን መቆየት ትችላላችሁ። በዚያ ጊዜ ያልወረደላቸውን፣ ፍላሻቸው የሞላውን፣ ማረጋገጫ የወደቀባቸውን ትለያላችሁ። እነሱን ማስተካከል የሚቻለው ዋይፋዩ እየሠራ ነው። ሪቡት የምታደርጉት ዝርዝሩ ሁሉ "ተጠናቋል" ሲል ብቻ ይሁን። ጥቂቶች ቢቀሩ "እነሱ በኋላ ይይዛሉ" ብሎ መሄድ ፈተናው ትልቅ ነው። የሚቀሩት ግን ብዙውን ጊዜ ደካማ መስመር ላይ ያሉት ናቸው። ዋይፋይ ጠፍቶ የሚያወርዱትም እነሱ ይሆናሉ።

ለቅርንጫፎች ደግሞ ሌላ ጥሩ ዘዴ አለ። አንድ አክሰስ ፖይንት ብቻ በሩቁ መስመር ያወርድና እዚያው ላሉት ተመሳሳይ ሞዴሎች ያካፍላል። ሲስኮ ፍሌክስኮኔክት በሚለው የቅርንጫፍ አሠራሩ ይህን ያደርጋል። ሚስት (Mist) የተባለው የክላውድ መድረክም አክሰስ ፖይንቶች ከጎረቤታቸው እንዲያወርዱ የሚያስችል ምርጫ አለው። ቀጭን መስመር ላይ ያሉ ቢሮዎች ካሏችሁ ከሁሉ በፊት ይህን ክፈቱ።

የዚህ መንገድ ድክመቱ የመጨረሻው ሪቡት ነው። እሱ አሁንም ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነው የሚነካው። 24 ሰዓት የሚሠራ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃም ቢሆን ብዙ ነው።

በዙር

ለሆስፒታል፣ ለአየር ማረፊያ፣ ሌሊት ለሚሠራ መጋዘን በዙር የመቀየር ሐሳብ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኮንትሮለሩ ማን ከማን ጎረቤት እንደሆነ ከሬዲዮ መረጃው ያውቃል። የማይጎራበቱትን መርጦ አንድ ቡድን ያደርጋቸዋል። በእነሱ ላይ ያሉትን ተጠቃሚዎች ወደ ጎረቤት እንዲሻገሩ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሪቡት ያደርጋቸዋል። ሲመለሱ ወደሚቀጥለው ቡድን ይሄዳል። ሲስኮ በአንድ ዙር 5፣ 15 ወይም 25 በመቶ እንድትመርጡ ያደርጋል። አሩባ በኮንትሮለር ክላስተር (አብረው በሚሠሩ ኮንትሮለሮች) ላይ ላይቭ አፕግሬድ የሚለው አለው። ሚስት በሬዲዮ ጉርብትና ላይ የተመሠረተ ስልት አለው።

ማስታወቂያው "ተጠቃሚው አይሰማውም" ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው ሽፋናችሁ ከፈቀደ ነው። አንድ አክሰስ ፖይንት ሲጠፋ ጎረቤቶቹ ቦታውን በበቂ ሲግናል ይሸፍኑታል? በየክፍሉ አንድ አንድ ተሰቅሎ በወፍራም ግድግዳ በተለያየ ሕንፃ ውስጥ አይሸፍኑትም። ኮንትሮለሩ ጎረቤት የሚለው አክሰስ ፖይንቶቹ ጣሪያ ላይ ሆነው እርስ በርስ ስለሚሰሙ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ መሞከር ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት አንዱን ከስዊቹ ላይ አጥፉና ስልክ ይዛችሁ ከሥሩ ቁሙ። ጥሪው ከተቆረጠ በዙር መቀየርም ይቆርጠዋል።

የተጠቃሚው መሣሪያም የራሱ ጠባይ አለው። "ወደ ጎረቤት ሂድ" የሚለው መልእክት የሚላከው በ802.11ቪ ነው። አዳዲስ ስልኮች በአብዛኛው ይሰሙታል። የድሮ ባርኮድ ስካነር፣ አንዳንድ የሕክምና መሣሪያ፣ አንዳንድ ፕሪንተር ግን አይሰማውም። ሲግናሉ እስኪጠፋ ሙጭጭ ይላል፤ ከዚያ ከባዶ ይፈልጋል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚበዙበትን ፎቅ ለብቻው አስቡት።

ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ዲኤፍኤስን፣ ማለትም ለራዳር ቅድሚያ የሚሰጠውን ደንብ፣ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ቻናሎች አሉ። አክሰስ ፖይንት ሪቡት ካደረገ በኋላ በእነዚህ ላይ ወዲያው ማሰራጨት አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ለ60 ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በአውሮፓ ደንብ ደግሞ የአየር ሁኔታ ራዳር ባለበት ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ድረስ ማዳመጡ 10 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አክሰስ ፖይንቱ ኮንትሮለሩ ላይ "ተመልሷል" ይላል፤ 5 ጊጋኸርዙ ግን ገና ዝም ነው። ኮንትሮለሩ "ተመልሷል" ባለ ቅጽበት ቀጣዩ ዙር ከጀመረ ጎረቤቱም ይጠፋል። መሃል ላይ ባዶ ቦታ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በዙሮች መካከል ያለውን ጊዜ ስትወስኑ ከዚህ ነው መነሳት ያለባችሁ።

ጊዜውንም አስሉት። 5 በመቶ ማለት ወደ 20 ዙር ነው። አንዱ ዙር ከነማዳመጡ 15 ደቂቃ ቢፈጅ 5 ሰዓት ይሆናል። 25 በመቶ ብትሉ በ1 ሰዓት ያልቃል፤ ግን በአንድ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ጠፍቷል ማለት ነው። እኔ 5 በመቶውን እመርጣለሁ፤ ወደ ሌሊት ሰፋ አድርጌ። በእነዚያ ሰዓታት ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን ይሠራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ስልክ ፈጣን ሮሚንጉን ሊያጣ ይችላል። ለጥቂት ሰዓት ችግር የለውም፤ ለሳምንት ግን እንዲህ አታቆዩት።

ማቆም ይቻላል ወይ ለሚለው፣ እዚህ መልሱ "እንደ ስልቱ" ነው። ተጠባባቂ ኮንትሮለር ተዘጋጅቶ አክሰስ ፖይንቶቹ ወደ እሱ በዙር የሚሻገሩበት አሠራር ለማቆም ምቹ ነው። የድሮው ኮንትሮለር አሁንም እየሠራ ነው፤ ያልተሻገሩት እዚያው ይቆያሉ። ጥንድ ኮንትሮለሮች ባሉበት ቦታ ተራ በተራ የሚቀየሩበት አሠራር ግን አክሰስ ፖይንቶቹ መዞር ሲጀምሩ ኮንትሮለሩ ራሱ ወደ አዲሱ ቨርዥን አልፎ ሄዷል። መመለስ ይቻላል፤ ግን ሁሉም አብሮ ይመለሳል። የትኛው ትእዛዝ እንደሚያቆመውና የመመለሻው ሰዓት መቼ እንደሚዘጋ ከመጀመራችሁ በፊት ጽፋችሁ ያዙ።

ክፍል በክፍል

ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። መሣሪያው ከፈቀደ ኔትወርኩን በሕንፃ ወይም በቅርንጫፍ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ቨርዥን መስጠት ነው። የራከስ ስማርትዞን ይህን በግልጽ ያደርጋል። ኮንትሮለሩ ከፍ ያለ ቨርዥን ላይ ሆኖ ዞኖቹ በሚደግፈው የቀድሞ የአክሰስ ፖይንት ቨርዥን ላይ መቆየት ይችላሉ። አንዱን ዞን አንስታችሁ ታያላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ያንኑ ብቻ ትመልሳላችሁ። በክላውድ መድረኮችም ሳይት ወይም ኔትወርክ የሚባለው ክፍፍል ለዚሁ ያገለግላል።

ማቆሙ እዚህ ተፈጥሯዊ ነው። አንድ ሕንፃ ተለውጦ ሌላው ሳይለወጥ ለሳምንት ቢቆይ ማንም አይጎዳም፤ በሕንፃዎች መካከል እየተነጋገረ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የእናንተ የራሳችሁ ቢሮ ይሁን። ችግሩን ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ትሆናላችሁ፤ ለመናገርም ማንንም አትፈሩም። ሁለተኛው ግን የተለያየ ዓይነት መሣሪያ የሚገኝበት ቦታ ይሁን። የአይቲ ሰዎች ላፕቶፕ ላይ የሠራ ነገር የመጋዘን ስካነር ላይ ላይሠራ ይችላል።

ችግሩ መዘግየቱ ነው። አንዳንድ ቦታ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይቆምና የቀረው ዓመት ያልፈዋል። ቀኑን ለሁሉም ክፍሎች አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ ይህ መንገድ የቨርዥን ዝርክርክነት ይወልዳል።

ለክላውዱ መተው

ሜራኪ፣ ሚስት፣ አሩባ ሴንትራል እና መሰሎቻቸው ፈርምዌሩን ራሳቸው ያቀርባሉ። ቀን ይመደባል፣ መልእክት ይመጣል፣ ሌሊት ይቀየራል። ብዙ ቅርንጫፍና ሁለት ሦስት የአይቲ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሳይታደስ ለዓመታት ከሚቀር መሣሪያ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም።

ግን መተው ማለት መርሳት አይደለም። መጀመሪያ የሰዓት ቀጠናውን እዩ። ቅርንጫፉ በክላውዱ ላይ ሲመዘገብ የተሳሳተ ሰዓት ከተሰጠው የሌሊቱ አፕግሬድ ሰው በሚሠራበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ ስልቱን እዩ። ሜራኪ ጠቅላላውን ጊዜ የሚያሳጥር እና የተጠቃሚውን መቋረጥ የሚቀንስ ብሎ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ሁለተኛውን ምረጡ። ሚስት ላይ ሁሉንም ባንዴ፣ አንድ በአንድ፣ በትንሽ ናሙና ጀምሮ እየጨመሩ መሄድ እና በሬዲዮ ጉርብትና የሚሉ ስልቶች አሉ። በናሙና የሚጀምረው ከእኔ ሚዛን ጋር የሚሄደው ነው፤ የወደቀው ቁጥር ሲበዛ ይቆማል።

የኢንተርኔት መስመራችሁንም አስቡ። እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ለየብቻው ካወረደ 100 አክሰስ ፖይንት በ60 ሜጋባይት 6 ጊጋባይት ነው። 20 ሜጋቢት ባለው መስመር ላይ ይህ ሙሉ መስመሩን ለ40 ደቂቃ ይይዛል። ሌሊት ባክአፕ በዚያው መስመር የሚወጣ ከሆነ ሰዓቱን ለዩዋቸው።

መመለሻም ጊዜ አለው። ሜራኪ ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለስን ከአፕግሬዱ በኋላ ለ14 ቀን ያቆየዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልታየ ችግር ከዚያ ወዲያ የድጋፍ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ ወር መጨረሻ ላይ ብቻ የሚሠራ ሥርዓት ካላችሁ፣ ለምሳሌ ቆጠራ ወይም ሒሳብ መዝጊያ፣ አፕግሬዱን ከእሱ ጥቂት ቀን ቀደም አድርጉት።

አንድ በአንድ፣ በእጅ

ለአምስት አክሰስ ፖይንት ይሆናል። ለመቶ አይሆንም፤ ሰው ይደክማል፣ አንዱ ይዘለላል። በኤስኤስኤች (በርቀት ትእዛዝ መስጫ) ገብቶ ከቅርብ ሰርቨር ማውረድን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የወደቀውን የምታነሱት በዚህ ነው። ዩኒፋይን የመሰሉት የሪሴት ቁልፉ ተይዞ ሲበሩ በ192.168.1.20 ላይ በቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ) ፋይል ይቀበላሉ። ሌሎች የኮንሶል ገመድ ይፈልጋሉ። ገመዱ መሳቢያ ውስጥ መኖሩን ከአፕግሬዱ በፊት አረጋግጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ

ሰዓቱን አስተካክሉ። ይህን አጥብቄ የምለው ሲስኮ ላይ ከሆነው የተነሳ ነው። የድሮዎቹ በአይኦኤስ የሚሠሩ አክሰስ ፖይንቶች ፋይል የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት ዲሴምበር 4 ቀን 2022 ጊዜው አለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ አፕግሬድ የተደረጉት በማውረድ ላይ ተሰክተው ቀሩ። አንዱ መፍትሔ የኮንትሮለሩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ማውረድ ነበር። ለዓመታት ያለ ኮሽታ የሠራ አክሰስ ፖይንት በአፕግሬዱ ቀን ብቻ የሚወድቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ፋብሪካ ላይ የተሰጠው የራሱ ሰርተፍኬትም ዕድሜ አለው፤ በብዙ የሲስኮ ሞዴሎች 10 ዓመት ነበር። ቆየት ያሉ መሣሪያዎች ካሏችሁ የሰርተፍኬታቸውን ማብቂያ ቀን አስቀድማችሁ እዩ።

ኮንፊገሬሽኑን ባክአፕ አድርጉና ከኮንትሮለሩ ውጭ አስቀምጡት። በስሙ ላይ የተወሰደበትን ቨርዥን ጻፉበት። አዲሱ ቨርዥን የቀየረውን ኮንፊገሬሽን የድሮው ማንበብ ላይችል ይችላል። ወደ ኋላ ስትመለሱ የሚያስፈልጋችሁ በድሮው ላይ ሆናችሁ የወሰዳችሁት ነው።

ኃይልንም አትርሱ። በፒኦኢ (ኃይል በኔትወርክ ገመድ መስጠት) 802.3ኤኤፍ ስዊቹ 15.4 ዋት ያወጣል፤ 802.3ኤቲ 30። አዲስ ፈርምዌር ከዚህ በፊት ያልበራ ሬዲዮ ሊያበራ ይችላል። በቂ ኃይል ካላገኘ አክሰስ ፖይንቱ ዝም ብሎ አቅሙን ይቀንሳል፤ አይጠፋም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። ከሪቡት በኋላ ኮንትሮለሩ ላይ የኃይል ሁኔታውን የሚያሳየውን ዓምድ ተመልከቱ።

ለየትኛው ቦታ የትኛው?

24 ሰዓት የሚሠራና ሽፋኑ የተደራረበ ቦታ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ አውርዱና በ5 በመቶ ዙር ቀይሩ። 24 ሰዓት የሚሠራ ግን ሽፋኑ የሳሳ ከሆነ ዙሩን አትመኑት። ፎቅ በፎቅ፣ ከሠራተኛው ጋር ሰዓት ተስማምታችሁ ሂዱ፤ "ከ3 እስከ 3:20 በዚህ ፎቅ ዋይፋይ የለም" ማለት ድንገት ከመቆራረጥ ይሻላል። ትምህርት ቤትና ማታ የሚዘጋ ቢሮ አስቀድሞ ማውረድና አንድ ሪቡት ይበቃዋል፤ ዙር ሳያስፈልግ ሥራ ማወሳሰብ ነው። ብዙ ትናንሽ ቅርንጫፍ ያለው በክላውድ፣ ከናሙና ቅርንጫፍ ጀምሮ። ብዙ ሕንፃ ያለው ግቢ ክፍል በክፍል። አስቸኳይ የደኅንነት ቀዳዳ ሲመጣ ግን አጋላጩን አገልግሎት ወዲያው ዝጉት ወይም ፖርቱን አፍኑት፤ ያ ለትክክለኛው መንገድ ጥቂት ቀን ይገዛላችኋል።

ጠዋት ላይ የምታዩት ደግሞ ይህ ነው። ከአፕግሬዱ በፊት የነበረው የአክሰስ ፖይንት ቁጥር ተመልሷል? በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው ተጠቃሚ ከተለመደው ቀንሶ ወደ 2.4 ሄዷል? የ802.1ኤክስ (ተጠቃሚው በየራሱ መለያ የሚገባበት) መግቢያ ውድቀት ጨምሯል? አድራሻ ያላገኙ መሣሪያዎች አሉ? እነዚህን ቁጥሮች ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ሰዓት ከነበሩት ጋር አስተያዩ። ለማስተያየት ደግሞ ከአፕግሬዱ በፊት መመዝገብ አለባቸው። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሳያልፍ ቀጣዩን ክፍል አትጀምሩ።